ዋይድባንድ ሴንሰር የት ይበየድ ላልከው ወንድሜ

ቱርቦ የሌለው ኮሮላ ላይ ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር (ከጭሱ ውስጥ የአየርና የነዳጁን ምጣኔ የሚለካውን) ላስገባ ነው፣ ጭስ ማውጫው ላይ የት ጋ ላስበይድ ብለሃል። የእኔም ኮሮላ ስለሆነ ያየሁትን ልንገርህ።

1. የአራቱም ሲሊንደር ጭስ ከተገናኘ በኋላ፣ ከካታሊቲኩ (ከጭስ ማጣሪያው) በፊት ይሁን። ከሞተሩ ጭስ የሚቀበለው ማኒፎልድ አንድ እግር ላይ ብቻ ከተበየደ የአንዱን ሲሊንደር ብቻ ያነብልሃል። ወደ ጅራቱ ከራቀ ደግሞ ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) የውጭ አየር እየገባ ነዳጅ አንሶታል ይልሃል።

2. አቀማመጡ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ጋ ነው። የግድግዳ ሰዓት አስብ፤ በ10 ቁጥርና በ2 ቁጥር መካከል፣ ጫፉ ወደ ታች ያዘነበለ መሆን አለበት። ጠዋት ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ቦሽ ኤልኤስዩ 4.9 የሚባለው ዋይድባንድ ሴንሰር ውስጥ ያለው ሴራሚክ ደግሞ ሲሠራ 780 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

እኔ ይህን አንብቤ፣ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ ነው ማርሚታ ቤት (ጭስ ማውጫ የሚበየድበት) የወሰድኩት። ምሳ በልቼ ስመለስ በያጁ ከቱቦው ሥር በይዶታል! ለምን ስለው «ለመፍቻ ይመቻል» አለኝ። ምልክቱን ሳሳየው «አንተ ነህ እኔን የምታስተምረኝ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ለማስተካከል ድጋሚ ክፈል አለ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ሌላ በያጅ እስካገኝ ሴንሰሩ አለቀለት። ፈትቼ ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ይንኮሻኮሻል። ከዱባይ ሰው ለምኜ ያስመጣሁት ዕቃ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው በያጅ ወጣት ልጅ ነው። መጀመሪያ ሰማኝ፣ ከዚያ ሠራ። ቱቦው ላይ የሚበየደው፣ ሴንሰሩ የሚታሰርበት ዳዶ 18 ሚሊ በ1.5 ጥርስ ነው። የሞተውን ሴንሰር ዳዶው ላይ አስሮ በየደው፤ ጥርሱ በሙቀት እንዳይጣመም። አዲሱን በእጄ ሳጠብቀው ሰተት ብሎ ገባ። አንተም ባዶ ዳዶ እንዳያስበይዱህ፣ አሮጌ ሴንሰር ወይም ልኩ የሆነ ብሎን ይዘህ ሂድ።

3. ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያስተነፍስ ቦታ ካለ ንባቡ ውሸት ነው። የእኔ ጌጅ መጀመሪያ ነዳጅ አንሶታል ሲል አንድ መካኒክ «የአዲስ አበባ ከፍታ ነው» ብሎ ሊሸኘኝ ነበር። ከፍታ አየሩን ያሳሳል እንጂ የቤንዚኑን 14.7 (ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር) አይቀይርም። ማኒፎልዱ ጋ ጎንበስ ብዬ ስሰማ ትስ ትስ ይላል። መጋጠሚያው ላይ ጭስ እንዳይወጣ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነበር። ስትቀይረው ሲሊኮን እንዳትቀባ፣ ሴንሰሩን ሊገድለው ይችላል።

4. ሴንሰሩን አስረህ ገመዱን ሳታገናኝ መኪናውን አትንዳ። ውስጡ ያለው ማሞቂያ (ሂተር) ካልሠራ ጥቀርሻ ይሸፍነዋል። ሶኬቱንም ቆርጠህ አትቀጥል፤ ንባቡን የሚያስተካክለው የልኬት ሬዚስተር እዚያ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ከሆንክ ሰፈርህን ጻፍልኝ፣ ወደ ልጁ ልላክህ።