መልስ፦ በብርድ ወራት የሚሞቅ ግሪንሃውስ ውስጥ ስለሚጠራቀም እርጥበት
ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ጠዋት የግሪንሃውሱ (የእፅዋት ማሳደጊያ ቤቱ) ፕላስቲክ ሽፋን ለምን ውሃ እንደሚያንጠባጥብ ጠይቀዋል። ሙቀት እርጥበቱን አያስወጣውም፤ አየሩ እንዲሸከመው ብቻ ያደርጋል። የ20 ዲግሪ አየር የ10 ዲግሪው ከሚይዘው እጥፍ ገደማ ተን ይይዛል፤ ቀዝቃዛውን ፕላስቲክ ሲነካ ያራግፈዋል። ስለዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ማሞቂያውን ሳያጠፉ፣ የጣሪያውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ለአሥር ደቂቃ ይክፈቱ፤ ጠዋትም ይድገሙት። እባክዎ ነዳጁ ይባክናል ብለው አይሳሱ! እርጥበቱ የሚያመጣው አመድ የመሰለ ግራጫ ሻጋታ የቲማቲሙን ግንድ አንዴ ከያዘ ጉዳቱ ይብሳል። ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ከሥሩ ያጠጡ። ማሞቂያዎ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጋዙ ሲቃጠል ራሱ ተን ስለሚፈጥር ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያውጡት።