ለአሮጌ ባትሪ ኤልኢዲ ለምትገዙ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ሁለት ጎረምሶች የአባታቸውን ባለ 3 ድንጋይ ባትሪ ይዘው በአሮጌው አምፖል ቦታ የሚገባ ኤልኢዲ ሲመርጡ አየሁ። ባለሱቁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን፣ የብርሃኑን መጠን ማለት ነው፣ ያሳያቸዋል፤ እነሱም ትልቁን ቁጥር አንስተው ከፈሉ። አፌን ያዝኩ። ያልተጠየቀ ሽማግሌ ሱቅ በር ላይ ምክር ሲጀምር አያምርም። ቤት ስገባ ግን ነገሩ አላስተኛኝ አለና ይህን ጻፍኩ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት በኤሌክትሪክ መስመር ጥገና ነው፤ ደሴ፣ ኩታበር፣ ሐይቅ። ባትሪዬ ማግላይት ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የሚሸጥ የአሜሪካ ባትሪ ነው፣ ገላው ወፍራም አሉሚኒየም፤ ድንጋዩ ቢያልቅ እንኳ ለጅብ ዱላ ይሆናል። ኤልኢዲ ሲመጣ እኔም እንደነዚያ ልጆች ትልቁን ቁጥር ገዛሁላት።

አንድ የነሐሴ ሌሊት ኩታበር መንገድ ላይ መስመር ተቋርጦ ወጣን። ጉም ነው። ምሰሶው ሥር ቆሜ ሲኒው፣ ሽቦውን ምሰሶው ላይ የሚይዘው፣ ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ወደ ላይ አበራሁ። ቦቲዬ፣ ሣሩ፣ የጓደኛዬ ካፖርት ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ጉሙ እንደተሰጣ ጋቢ ፊቴ ላይ ቆመ። ሲኒው የት አለ! ማግላይት መጠባበቂያ አምፖሏን ጭራዋ ውስጥ ነው የምትይዘው፤ በበረደ ጣቴ ፈትቼ አሮጌውን አምፖል መለስኩና አናቷን ትንሽ ጠመዘዝኩ። ቀጭን ቢጫ ብርሃን ሽቅብ ወጥቶ ሲኒው ላይ አረፈ። ጠርዙ ተገምሷል።

ያን ሌሊት ያልገባኝ ነገር ይኸውላችሁ። ባትሪው ውስጥ ያለው የሚያንጸባርቅ ሳህን የተቀረጸው ለአምፖሉ ጭራሮ ሽቦ ነው። ያቺ ሽቦ ዙሪያዋን ሁሉ ታበራለች፣ ሳህኑም ሰብስቦ አንድ ቦታ ይልከዋል። ኤልኢዲ ግን ብርሃኑን የሚተፋው በአብዛኛው ወደፊት ነው፤ ሳህኑን ሳይነካ የወጣው ይበተናል። ጭራሽ ከሽቦዋ ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ፣ ግድግዳ ላይ ስታበሩት መካከሉ ጥቁር የሆነ ቀለበት ታያላችሁ። ሉመን የሚቆጥረው የወጣውን ብርሃን ሁሉ ነው፤ ሩቅ መድረሱን የሚነግራችሁ ካንዴላ ነው። ስለዚህ አሮጌውን አምፖል ይዛችሁ ሂዱና ከአዲሱ ጎን አቁሙት። ብርሃኑ የሚወጣበት ነጥብ ከአንገቱ በላይ ያለው ከፍታ ከአሮጌው ሽቦ ጋር እኩል ነው? ካልሆነ ተዉት። በእርግጥ በረት ውስጥ ላም ለማለብ ከሆነ የተበተነው ብርሃን ይሻላል፣ ያኔ ይህን ሁሉ እርሱት።

ቀጥሎ ድንጋያችሁን ቁጠሩ። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው። የባለ 2 ድንጋይ አምፖል አንገት ላይ ግን ብዙ ጊዜ 2.38 ቮልት የሚል ታያላችሁ፤ ድንጋይ ሥራ ላይ ሲውል እንደሚወርድ ሠሪው ያውቃል። ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋል። ውስጡ ቮልቴጅ የሚያነሳ ሰርኪት ከሌለው በ2 ድንጋይ አንድ ሁለት ሌሊት ያበራና ፍም ይሆናል። (እኛ ልጅ ሆነን ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣ ነበር፤ በጥርሱ የሚነክሰውም ነበር። ለኤልኢዲ ይህ አይበቃም።) በ4 ድንጋይ ደግሞ 6 ቮልት ነው፤ የሚገታው ሰርኪት ከሌለ ይቃጠላል። ካርቶኑ ላይ ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚችል ካልተጻፈ አትግዙ። ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ 1.2 ብቻ መሆኑንም አስቡ።

ሙቀቱም አለ። አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደፊት ይወረውራል፤ ኤልኢዲ ፊቱ ቀዝቃዛ፣ ጀርባው ምጣድ ነው። የባትሪያችሁ ገላ ፕላስቲክ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ አነስተኛ ዋት ገዝታችሁ ጥገቡ። አሉሚኒየም ከሆነ ጀርባው ብረት ሆኖ ገላውን የሚነካውን ፈልጉ።

ገጥማችሁት አልበራ ቢል አብሽሩ፤ አምፖል ድንጋዩ ቢገለበጥም ይበራል፣ ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል። መጀመሪያ የድንጋዩን አቅጣጫ እዩ። ከዚያ ድንጋዩ የሚነካው ብረት ላይ ነጭ ዱቄት ካለ፣ ከአልካላይን ድንጋይ የፈሰሰ ነውና ድንጋዩን አውጥታችሁ በጥጥ ጥቂት አቼቶ ቀቡት፣ ጠርጋችሁም አድርቁት። ሽቦ የምትነኩ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ብርሃን ተዉት፤ ርካሹ ቀዩንና ቡናማውን አንድ ያደርግባችኋል።

ባለሱቁን «ማታ ሞክሬው ካልሆነኝ እመልሳለሁ» በሉት። እምቢ ካለ አልፋችሁ ሂዱ፣ ፒያሳ ሱቅ ሞልቷል።