ከመዝገብ ቤት ወደ ሬዲዮ ኮሜዲ፦ ሥራዬን ልልቀቅ?

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ማታ ስለ ቢሮክራሲ የሚቀልድ ተከታታይ የሬዲዮ ኮሜዲ እጽፋለሁ። ጓደኞቼ ሲያነቡት በሳቅ ይፈርሳሉ። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለድርሰቱ ልስጥ? ወይስ መጀመሪያ ቲያትር ልማር? መሥሪያ ቤቴ ቢያውቅብኝስ? ሁለት ትዕይንት አያይዤ ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ቢያንስ አሁን አይሆንም። ደሞዙ አንድ ምክንያት ነው፤ የሬዲዮ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በክፍል ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲቆም ገንዘቡም ይቆማል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ብዙ ደራሲ ይመኛል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በቢቢሲ ቴሌቪዥን የጀመረውን «የስ ሚኒስተር» የተባለ ኮሜዲ ሰምተሽ ይሆናል። አንድ ሚኒስትርና አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ሠራተኛ በትህትና ሲጠላለፉ የሚያሳይ ነው። ደራሲዎቹ የመንግሥትን ጓዳ የሚያውቁ ሰዎችን ፈልገው፣ ጠይቀው ነው የጻፉት። አንቺ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግሽም። ደብዳቤ ገቢ ሲሆን፣ ሲመራ፣ «ለክትትል» ተብሎ ሲወርድ፣ ፊርማ ጎደለው ተብሎ ሲመለስ በየቀኑ ታያለሽ። በነገራችን ላይ ያ ኮሜዲ በኋላ በእነዚያው ተዋንያን ለሬዲዮ ተሠርቷል። ቀልዱ ያለው ንግግሩ ውስጥ ስለነበር ምስሉ ቢቀርም ያስቃል።

ወደ ትዕይንቶችሽ ልምጣ። የመጀመሪያው ላይ ያለው አለቃ ይጮሃል፣ ጉቦ ይጠይቃል፣ ጸሐፊዋን ይሳደባል። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። ግን ሁለት ክፍል ያስቃል፣ በሦስተኛው ይሰለቻል። አድማጩ ጥፋቱን በሙሉ እሱ ላይ ጥሎ ይገላገላል። እሱ ቢባረር ታሪክሽ አለቀ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት ግን ወርቅ ነው። ባለጉዳዩ «ፋይሌ ጠፍቷል» የሚል ማረጋገጫ ይፈልጋል። ማረጋገጫው ደግሞ የሚጻፈው ፋይሉ ታይቶ ነው። መስኮት አንድ ያለችው ልጅ ትክክል ናት፤ ያልታየ ነገር አይረጋገጥም። የክፍሉ ኃላፊም ትክክል ናቸው፤ ፋይል ለሌለው ሰው ደብዳቤ አይወጣም። ባለጉዳዩም ትክክል ነው። ሁሉም ትክክል ሆነው ሰውየው ማታ ድረስ ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል! ጉቦ የለም፣ ስድብ የለም። እዚህ ጋ ነው ያንቺ ችሎታ ያለው። አለቃውንም በዚህ ዓይን እንደገና ጻፊው። ደግ ይሁን፤ ባለጉዳዩን ከልቡ ሊረዳ ይነሳና በረዳው ቁጥር ነገሩን ያወሳስበው።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1977 ያስተላለፈው፣ ኤድዋርድ ቴይለር የፈጠረው «ዘ ሜን ፍሮም ዘ ሚኒስትሪ» በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። ገጸ ባሕርያቱ ሁለት ባለሥልጣናት፣ አንዲት ጸሐፊና ከላይ ያሉ አለቃ ናቸው። የሚሠሩበት ክፍል ሥራው ሌሎች መሥሪያ ቤቶችን መርዳት ነው። ብልሃቱን አየሽው? ሌሎችን የሚረዳ ክፍል የማይገባበት ጉዳይ የለም። ደራሲው በየሳምንቱ አዲስ መሥሪያ ቤት ያበላሻል፣ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። ከዋናዎቹ ተዋንያን አንዱ እ.ኤ.አ. በ1966 ተለውጦ እንኳ ፕሮግራሙ ቀጥሏል። በፊንላንድ ሬዲዮም በፊንላንድኛ ተሠርቶ ብዙ ወዳጅ አፍርቷል። የወረቀት ጣጣ ዜግነት የለውም መሰለኝ።

ስለዚህ አንድ ሙሉ የግማሽ ሰዓት ክፍል ጻፊ። ከዚያ በዚያው ቢሮ ውስጥ የሚሆኑ አምስት ሌሎች ታሪኮችን በአጭር በአጭሩ አስቀምጪ። አምስቱ ካልመጡልሽ የመረጥሽው የሥራ ክፍል ጠቧል፤ ሰፊ በር ያለው የሥራ ክፍል ፈልጊ። ርዝመቱን በገጽ አትለኪ። ጮክ ብለሽ እያነበብሽ ሰዓት ያዢ።

ጆሮንም አትርሺ። «ፊቱን አኮሳተረ» ብለሽ ጽፈሻል። ማን ያየዋል? ማኅተም ሲመታ፣ ስልክ ጮሆ ጮሆ ሲቆም፣ የተጣበቀ መሳቢያ ሲጎተት ይሰማል። በዚህ ሥሪ። አንድ ትዕይንት ላይ ስድስት ሰው ማስገባትሽም ትንሽ በዝቷል፤ አድማጭ ማን እንደተናገረ ይጠፋበታል። ሦስት ይበቃል፤ ድምፃቸውና አነጋገራቸው የተራራቀ ይሁን።

ቲያትር መማር? መጥፎ አይደለም፣ ከተዋንያንና ከአዘጋጆች ጋር ያገናኝሻል። ለዚህ ድርሰት ግን አጭር የማታ የጽሑፍ ሥልጠና ይበቃሻል። ከዚያ በላይ የሚያስተምርሽ፣ ጥቂት ተዋንያን ሰብስበሽ ጽሑፉን እንዲያነቡት ማድረግ ነው። ጓደኞችሽ የሚስቁት አለቃሽን ስለሚያውቁት ሊሆን ይችላል። አለቃሽን የማያውቅ ሰው ይሳቅና እንይ።

«ቢያውቁብኝስ?» ላልሽው፣ ስጋትሽ ተገቢ ነው። የመሥሪያ ቤትሽን የሥነ ምግባር ደንብና ከሥራ ውጪ ስለሚሠራ ሥራ የሚለውን አንብቢ። ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ በጽሑፍ ጠይቂ። (ማመልከቻው ራሱ አንድ ክፍል ሊወጣው ይችላል።) እውነተኛ የባለጉዳይ ስም፣ የደብዳቤ ቁጥር፣ የፋይል ይዘት አንድም እንዳይገባ። በቢሮ ኮምፒውተርና በሥራ ሰዓት አትጻፊ። የብዕር ስም መጠቀም ትችያለሽ፣ ግን ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታሽን አያነሳልሽም። የሦስት ባልደረቦችሽን ጠባይ አንድ ሰው ላይ ብትደባልቂው ደግሞ ማንም «እኔን ነው» ብሎ አይመጣም። ገጸ ባሕርይውም ያምርበታል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ለጣቢያዎች የድራማ ክፍል ከአምስቱ አጫጭር ታሪኮች ጋር ላኪው። ቅጂና የላክሽበትን ቀን ያዢ። ከተቀበሉሽ ደስታው ውሉን ሳያስነብብሽ እንዳያስፈርምሽ። አንቺ ብትወጪ ገጸ ባሕርያቱን ሌላ ደራሲ ሊቀጥልባቸው ይችላል ወይ? ሲደገም ይከፈላል ወይ? ወደ ሌላ ቋንቋ ወይም ወደ ቴሌቪዥን ቢሄድ መብቱ የማን ነው? እነዚህን ጠይቂና መልሱን በወረቀት ተቀበይ። ማኅተሙንም እዪ፤ እሱን እንኳ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።