ቁልፉን ትዕዛዙ ላይ አትጻፈው

ጥያቄህ ብዙዎቻችንን ስለሚመለከት ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ሰርቨሩን ከሌሎች ሰዎች ጋር ትጋራለህ። ሌሊት ሌሊት ዳታቤዙን ባካፕ የሚያደርግ ስክሪፕት አለህ፤ ፋይል በሚቆልፈው ፕሮግራም በጂፒጂ ትቆልፈዋለህ፤ የይለፍ ሐረጉን እዚያው ትዕዛዙ ላይ ጽፈኸዋል። «ስክሪፕቱን ከእኔ በቀር ማንም ከፍቶ አያነበውም፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?» ነው ያልከው።

ስክሪፕቱ ቢዘጋም ትዕዛዙ ክፍት ነው። ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ሲነሳ ከስሙ ቀጥሎ የጻፍከው ሁሉ ማሽኑ ላይ አካውንት ላለው ሰው ይታያል። አስተዳዳሪው ካልከለከለ በቀር አሠራሩ ይኸው ነው። ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው አስተዳዳሪ) መሆን አያስፈልግም፤ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የምትዘረዝረው «ፒኤስ» የምትለዋ ትዕዛዝ ትበቃለች።

እኔ ሰርቨር ስረከብ ቀድሜ የማየው ይህንን ነው። ምንም ሥልጣን በሌለው ተራ አካውንት እገባና ባካፑ በሚነሳበት ሰዓት ፒኤስን በየሰከንዱ አስደጋግማለሁ። አንድ ቦታ የይለፍ ሐረጉ ከነሙሉ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ዳታቤዙ ትልቅ ስለነበር ጂፒጂ ሥራውን እስኪጨርስ መስመሩ እዚያው ቆየ። ተረጋግተህ ኮፒ ለማድረግ ይበቃል። እንደ ማይኤስኪውኤል ያሉ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች የተሰጣቸውን ፓስወርድ ወዲያው ያጠፉታል፤ እስኪያጠፉት ድረስ ያለችው ቅጽበት ግን አትቀርም።

«ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ላይ አድርገው» የሚሉህ ይኖራሉ፤ ፕሮግራም ሲነሳ አብሮት የሚሰጠው በስም የተያዘ እሴት ማለት ነው። ከትዕዛዙ ይሻላል፣ ሌላ ተጠቃሚ አያየውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም ሁሉ ይወርሰዋል። አንዱ ሲበላሽ ሎግ (የሥራ መዝገቡ) ላይ ሊዘረግፈው ይችላል።

ቀላሉ መፍትሔ ሐረጉን በፋይል አስቀምጦ ለጂፒጂ የፋይሉን አድራሻ ብቻ መስጠት ነው። የፋይሉ ፐርሚሽን 600 ይሁን፤ ማለትም ባለቤቱ ብቻ ያንብበው፣ ይጻፍበት። ፋይሉን ከመፍጠርህ በፊት አዲስ ፋይል ሲፈጠር የሚከለከለውን ፈቃድ የሚወስነውን «ዩማስክ»ን 077 አድርገው፤ ፈጥረህ በኋላ ብትዘጋው በመሀል የሚያነበው ሊኖር ይችላል። በእጅህ የምትተይበው ትዕዛዝ ደግሞ የባሽ ሂስትሪ (የተተየቡ ትዕዛዞች መዝገብ) ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሐረጉን በ«ሪድ» ትዕዛዝ በስውር ተቀበለው፣ ስክሪኑም ላይ አይታይም።

ለባካፕ ግን የእኔ ምርጫ ሌላ ነው። የይለፍ ሐረጉን ጭራሽ ተወውና በሕዝባዊ ቁልፍ ቆልፍ፤ ቁልፎቹ ጥንድ ናቸው፣ ሕዝባዊው ይቆልፋል፣ የግሉ ይከፍታል። የቁልፉን ጥንድ በራስህ ላፕቶፕ ላይ ፍጠር፣ ሰርቨሩ ላይ ሕዝባዊውን ብቻ አስገባ። ሰርቨሩ ይቆልፋል፣ መክፈት ግን አይችልም። ሰርቨሩን የሰበረ ሰው እንኳ የድሮ ባካፖችህን አይከፍታቸውም። ቁልፉን እንደምታምነው ቀድመህ ካልነገርከው ጂፒጂ ስክሪፕት ውስጥ እምቢ ይልሃል፤ እሱን አስተካክል። የግል ቁልፉንም ሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ ከጠፋ ባካፑም አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

አሁን የምትጠቀምበትን ሐረግ እንደተጋለጠ ቁጠረው። መቀየሩ ብቻ አይበቃም፤ ቀድሞ የተቆለፉት ባካፖች በድሮው ሐረግ ይከፈታሉ። የምትፈልጋቸውን ፈትተህ በአዲሱ ቁልፍ መልሰህ ቆልፍ፣ የድሮዎቹን ቅጂዎች ካሉበት ሁሉ አጥፋ። ስክሪፕቱን የፋይሎችን ለውጥ ሁሉ በሚመዘግበው በጊት ላይ አስገብተኸው ከነበረም ሐረጉ በታሪኩ ውስጥ ስላለ እዚያም ተመልከት።