ሞዴል ስትመርጡ መውጫውን አስቀድማችሁ እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምትማሩትም፣ ሦስትና አራት ሆናችሁ ለክሊኒክ፣ ለሱቅና ለአስጎብኚ ድርጅት ሶፍትዌር መሥራት የጀመራችሁትም የምትከራከሩበት ነገር አንድ ነው፤ «ክፍቱ የቋንቋ ሞዴል ይሻላል ወይስ የኩባንያው ዝግ ሞዴል?» የቋንቋ ሞዴል ጥያቄን አንብቦ በጽሑፍ የሚመልስ ፕሮግራም ነው፤ ክፍቱን አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ታስኬዱታላችሁ፣ ዝጉን ግን በኢንተርኔት ከኩባንያው ሰርቨር ብቻ ትጠቀሙበታላችሁ። የክርክሩ መልስ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ስለሚለዋወጥ በዚህ አትድከሙ። ይልቅስ «ዛሬ የመረጥኩትን ነገ ልተወው ብል እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠሪዎቹ የቱንም ያህል ቢፎካከሩ መቀየር የማይችል ደንበኛ ከፉክክሩ ምንም አያተርፍም። ዋጋ ሲጨምሩበት ይከፍላል፤ ሞዴሉን ሲያነሱበት ሥራው ይቆማል።

አንድ ሞዴል ክፍት ነው ሲሏችሁ ምኑ እንደተከፈተ ለዩ። ዌይቱ ነው፣ ማለትም በሥልጠና የተገኙት ቁጥሮች? የማሠልጠኛው ኮድ ነው? የሠለጠነበት ጽሑፍ ነው? ፈቃዱስ ምን ይላል? የሜታ ላማ 2 እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 ሲወጣ ዌይቱ ተሰጠ፤ የሠለጠነበት ጽሑፍ አልተሰጠም። ፈቃዱም በወር ከ700 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ያላቸው ኩባንያዎች ለብቻ እንዲያስፈቅዱ ያስገድዳል። ዲፕሲክ አር1 በጃንዋሪ 2025 በኤምአይቲ ፈቃድ ወጣ፤ ለንግድም ለማሻሻልም ነፃ ነው፤ የሥልጠናው ጽሑፍ ግን አብሮ አልወጣም። የአለን ኢንስቲትዩት ኦልሞ በፌብሩዋሪ 2024 ሲወጣ ዌይቱም፣ ኮዱም፣ ዶልማ የተባለው የ3 ትሪሊዮን ቶክን ጽሑፍም (ቶክን ሞዴሉ የሚያነበው የቃል ቁራጭ ነው)፣ በሥልጠናው መሐል የተቀመጡት ቅጂዎችም ተከትለውት መጡ። በሌላው ጫፍ ያለው የኦፕንኤአይ ጂፒቲ-4 ነው። በማርች 2023 የወጣው ሪፖርቱ የሞዴሉን መጠንም ሆነ የጽሑፉን አሰባሰብ እንደማይገልጽ፣ ምክንያቱም ፉክክርና ደኅንነት እንደሆነ በግልጽ ይናገራል።

በእኛ ከተማ የመጽሐፍ ትርጓሜ የሚያስተምር መምህር ከማን እንደተማረ፣ የላይ ቤት ይሁን የታች ቤት ይታወቃል፤ ተማሪው የሰማውን አንድምታ ወደ ምንጩ መከተል ይችላል። ከሞዴልም ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሳሳተ ነገር ሲነግራችሁ፣ ጽሑፉ ይፋ በሆነ ሞዴል ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ትችላላችሁ። ጥቅሙ በሥራም ይታያል። በ2022 የወጣው ባለ 176 ቢሊዮን ፓራሜትር (ዌይት ያልናቸው ቁጥሮች) ብሉም የተባለ ሞዴል የ46 ቋንቋዎቹን ዝርዝር ይፋ ስላደረገ፣ አማርኛ እንደሌለበት ገና ሳታወርዱት ታውቃላችሁ። በ2024 የወጣው አያ 101 ደግሞ አማርኛን በዝርዝሩ አስገብቷል። ዝርዝር የማይሰጥ ሠሪ ግን ይህን ሁሉ በራሳችሁ ጊዜና ገንዘብ እንድታጣሩ ይተውላችኋል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትከስሩት እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ብቻ። «ሰላምታ» 4 ፊደል፣ 12 ባይት ነው። ቶክናይዘሩ፣ ማለትም ጽሑፍን ወደ ቶክን የሚቆርጠው ክፍል፣ አማርኛን በቅጡ ካላወቀ ቃሉን እስከ ባይት ድረስ ይሰባብረዋል፤ ሲከፋ 12 ቶክን ይሆናል። የምትከፍሉት በቶክን ነው፤ ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያነበው የጽሑፍ ርዝመትም፣ የመልሱ ፍጥነትም የሚለካው በቶክን ነው። ስለዚህ በዋጋ ሰንጠረዥ ላይ የተጻፈውን የአንድ ሚሊዮን ቶክን ዋጋ ብቻ አታነጻጽሩ። ከራሳችሁ ሥራ አሥር ገጽ የሚሆን አማርኛ ውሰዱ፣ በየቶክናይዘሩ አሳልፉት፣ የቶክኑን ብዛት ለቃላቱ ብዛት አካፍሉ፣ ከዚያ በዋጋው አባዙ። የክፍት ሞዴል ቶክናይዘር ከሞዴሉ ጋር ይወርዳል፤ ኦፕንኤአይም የራሱን ቲክቶከን በሚል ስም ለቆታል። አንዱ በቃል 2፣ ሌላው 8 ቶክን ከፈጀ፣ ሰንጠረዡ ላይ ዋጋቸው እኩል ቢሆንም ለሁለተኛው የምትከፍሉት 4 እጥፍ ነው።

በራሳችን ላፕቶፕ እናስኬደው ለምትሉ፣ ስሌቱ በእጅ የሚሠራ ነው። አንድ ፓራሜትር በ16 ቢት 2 ባይት ይይዛል፤ 7 ቢሊዮን ፓራሜትር 14 ጊጋባይት ይሆናል። በ4 ቢት ሲጨመቅ ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። 8 ጊጋባይት ራም ላይ ብሮውዘር ከፍታችሁ ብትሞክሩት ይጨናነቃል፤ 16 ይበቃዋል። ጂፒዩ (ብዙ ስሌት በአንዴ የሚሠራ ቺፕ) ከሌለ ፍጥነቱን የሚወስነው ራሙ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቶክን ሙሉው ባለ 4 ጊጋባይት ፋይል ይነበባልና። ራሙ በሰከንድ 40 ጊጋባይት የሚያነብ ከሆነ ቢበዛ 10 ቶክን ታገኛላችሁ፤ የአማርኛ ቃል 5 ቶክን ከፈጀ በሰከንድ ሁለት ቃል ማለት ነው። ደንበኛ እየጠበቀ አይሆንም፤ ሌሊት ሰነድ ለማጠቃለል ግን ይሆናል። መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ እያንዳንዱ ሰነድ እንዳለቀ ውጤቱ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። መጭመቁ በላቲን ፊደል የማይጻፉ ቋንቋዎችን ይበልጥ እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል፤ ራማችሁ ከቻለ የ8 ቢቱንም ሞክሩ። ትንንሾቹ ክፍት ሞዴሎች አማርኛቸው ብዙ ጊዜ ስብርብር ያለ ነው፤ ትልልቆቹ ዝግ ሞዴሎች ይሻላሉ። ሥራው ከጠየቀ በዝግ ሞዴል መጠቀም አያሳፍርም።

የሚሻለውን የምታውቁት ግን በራሳችሁ ፈተና ነው፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁም ይህንኑ ነው። መቶ ጥያቄ አዘጋጁ፤ ሞዴል ሳትነኩ ትክክለኛውን መልስ አስቀድማችሁ ጻፉ። አርባው ከእውነተኛ ሥራችሁ ይሁን። ሃያው ስለ ቀንና ሰዓት ይሁን፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ሴፕቴምበር 11 ሲሆን መስከረም 1 ቀን 2016 ግን ሴፕቴምበር 12 ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተቀጠረን ታካሚ ሌሊት 9 ሰዓት የሚጠራ ሞዴል እንዳይገጥማችሁ። ሃያው በአጻጻፍና በአክብሮት ላይ ይሁን፤ ፀሐይ እና ጸሀይ ተብሎ የተጻፈን ስም አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል? በ«እርስዎ» የጀመረውን ደብዳቤ መሐል ላይ «አንተ» ያደርገዋል? ቀሪው ሃያ መልሱ «በሰነዱ ውስጥ የለም» የሆነ ጥያቄ ይሁን፤ ያልነበረ የአዋጅ ቁጥር የሚፈጥር ሞዴል የሚያዘው በዚህ ነው። ሁለት ሰው፣ መልሱ ከየትኛው ሞዴል እንደመጣ ሳያውቅ፣ ለየብቻ ያርም። አንዱ 71፣ ሌላው 74 ቢያመጣ በመቶ ጥያቄ ይህ ልዩነት ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አትፍረዱበት። ፈተናውን ኢንተርኔት ላይ አታውጡ፤ ለቀጣዩ ሞዴል ሥልጠና ከገባ ነጥቡ ትርጉም ያጣል።

ውጤቱን ስትመዘግቡ የሞዴሉን ሙሉ ስምና ቀን ጻፉ። ዝግ ሞዴል በአንድ ስም ሥር ሊለወጥ ይችላል፤ ትናንት ያለፈው ጥያቄ ዛሬ ሲወድቅ በመዝገብ ካልሆነ አታውቁትም። ያወረዳችሁት ዌይት ግን ባለበት ይቆያል።

የታካሚ ካርድ፣ የተማሪ ውጤት ወይም የደንበኛ ስልክ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ከመላካችሁ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። የአገልግሎቱንም ውል አንብቡ፤ የምትልኩት ጽሑፍ ለሥልጠና ይውል እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ነው፤ በነፃውና በሚከፈልበት አገልግሎት ላይም ሊለያይ ይችላል።

ኮዳችሁን ስትጽፉ ሞዴሉን የሚጠራው ክፍል በአንድ ፋይል ብቻ ይቀመጥ፤ አድራሻውና የሞዴሉ ስም በቅንብር ፋይል ይሁኑ። ክፍት ሞዴልን በራስ ኮምፒውተር የሚያስኬዱት ላማ ዶት ሲፒፒም ኦላማም የኦፕንኤአይን የጥሪ ቅርጽ ስለሚቀበሉ፣ እንዲህ ከሠራችሁ ከዝጉ ወደ ክፍቱ ለመሄድ አድራሻና ስም መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሞዴሉ የምትሰጧቸው መመሪያዎች፣ በእጃችሁ ያረማችኋቸው መልሶችና መቶው ጥያቄ በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በሁለት ሰው ዲስክ ላይ ይኑሩ። በየሦስት ወሩ አንድ ቅዳሜ መድቡና ፈተናውን በያዛችሁት ሞዴልና በሁለት አዳዲሶች ላይ እንደገና አስኪዱ።