ቤት ገብቼም ከሥራ አልወጣም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ባንክ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ 1 ሰዓት ቤት እገባለሁ። እናቴ ያፈላችውን ቡና ጠጥቼ፣ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ 5 ሰዓት ይሆናል። እንቅልፍ ግን እምቢ ይለኛል። ቅዳሜና እሁድ ተኝቼ ብውልም ሰኞ ስነሣ እንደደከመኝ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ገላዎ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ ሐሳብዎ ግን ገና ቢሮ ነው። ሥራ ሲያስጨንቀን ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ የጭንቀት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ትከሻ ይወጠራል። ጭንቀቱ ሲያልፍ ሁሉም ይረግባል። የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ማታ 3 ሰዓት ላይ «ያ ሪፖርት የት ደረሰ?» ሲል ግን እንደገና ይቀሰቀሳል። ባይመልሱለትም እንኳ። ግሩፑን ማታ ማታ ድምፁን ያጥፉት።

ከቢሮ ሳይወጡ 5 ደቂቃ ወስደው የቀረዎትን ሥራ ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ሪፖርት» ብቻ ብለው አይለፉት። «2 ደረሰኝ ይጎድላል፣ ጠዋት ቅርንጫፉ ጋ እደውላለሁ» ብለው ይዘርዝሩት። ያላለቀ ነገር ጭንቅላት ውስጥ ይመላለሳል። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ለ5 ደቂቃ የቀጣይ ሥራቸውን የጻፉ ሰዎች የሠሩትን ከጻፉት ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በዝርዝር የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነዋል።

ቡናው ላይ ልምጣ። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት የጠጡት አቦል እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ ገና አብሮዎት አለ። ከእናትዎ ጋር ቁጭ ብሎ መጫወቱን ግን አይተዉት፤ እሱ ራሱ መድኃኒት ነው። ቡናውን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያድርጉት።

ቀኑን ሙሉ መተኛቱን ቀነስ ያድርጉ። ሥራ የፈታ ጭንቅላት ተመልሶ ቢሮ ይሄዳል። አንዲት ታካሚዬ ከአክስቷ ስፌት መማር ጀመረች። ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች ወስፌ ስትወጋ፣ ረድፉ ሲዛባባት ፈትታ ስትጀምር፣ ስለ አለቃዋ የምታስብበት ፋታ የለም። እርስዎም እጅዎንም ሐሳብዎንም የሚይዝ ነገር ይፈልጉ። ከታክሲም አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግርዎ ይግቡ።

እንዲህ አድርገው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድካሙ ካልቀለለዎት የደም ማነስና የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ምርመራ ያድርጉ። የሚወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላዎትና ስሜቱ ሁለት ሳምንት ከቆየ የአእምሮ ሐኪም ያነጋግሩ። ደረትዎን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።