ውሃው ሲወርድ ምን ይቀበለዋል?

«ጋሼ፣ ውሃው ከግድብ ላይ ይህን ሁሉ ጉልበት ይዞ ሲወርድ ጉልበቱን ለምን እናባክነዋለን? መብራት አናመነጭበትም?» አለኝ ሰሞኑን አንድ ወጣት መሐንዲስ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በማስተንፈሻው፣ ማለትም በትርፍ ውሃ መውጫው፣ የሚወርደው ግድቡ መያዝ ያቃተው ትርፍ ጎርፍ ነው። መጥቶ ይሄዳል። ለእሱ ብሎ ተርባይን የሚገዛ የለም። ጉልበቱን ካላባከንነው ደግሞ የግድቡን መሠረት ይበላዋል።

ጥያቄው ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ከድሬ ወጣ ብሎ፣ ቆላው ላይ፣ የወንዝ ውሃ ወደ መስኖ ቦይ የሚመልስ ትንሽ የጠለፋ ግድብ ሊሠራ ነበር። እኔ ጀማሪ ነኝ። ኦሮምኛ ስለምችል ስብሰባው ላይ አስተርጓሚም ሆንኩ። ዲዛይኑ የተቀዳው ክረምት ከበጋ ውሃ ከማይለየው ወንዝ ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብድግ አሉ። «ጎርፉ ሲመጣ ከታች ያለው ደረቅ አሸዋ ነው። ምን ይቀበለዋል?» አሉ። ተረጎምኩ። የቡድኑ መሪ ፈገግ ብሎ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

እኛ በፎርሙላ የምንለውን ነው ሽማግሌው የተናገሩት። 5 ሜትር የወረደ ውሃ በሴኮንድ ወደ 10 ሜትር ይሮጣል። ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ከግድቡ ግርጌ ባለው ማብረጃ ገንዳ ውስጥ ሽቅብ ዘሎ ጉልበቱን እንዲጥል ከፊቱ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ውሃ ቆሞ ሊጠብቀው ይገባል። ያኔ ግማሽ የሚጠጋ ጉልበቱን እዚያው በሁከት ይጨርሳል። ከታች ውሃ ከሌለ ዝላዩ ከገንዳው ተገፍቶ ይወጣል።

ወጣም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ገንዳውን አልፎ አሸዋው ላይ አረፈ። ከሥር እየሸረሸረ ወለሉን አንጠለጠለው፤ ከዚያ ተሰበረ። የሽማግሌው ማሳ ወንዙ ዳር ነበር፤ ከነማንጎው ሄደ። ሪፖርቱ «ያልተጠበቀ ጎርፍ» ይላል። ቃለ ጉባኤውን አገላብጫለሁ፤ የእሳቸው ንግግር የለበትም። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አቦ፣ ድሬዳዋን ሰንጥቆ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ዳር ላደገ ልጅ ይህ ይነገራል እንዴ? ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ሰውም መኪናም ይሻገርበታል። በሐምሌ 1998 ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ። የዛሬ ልጆች ግን ኮምፒውተር ላይ ተጥዳችሁ ትውላላችሁ፤ ጫማችሁ አሸዋ አይነካም። እውነቱን ለመናገር፣ ያ የውሃ ፍሰት የሚያሳያችሁ ሶፍትዌር በእኛ ጊዜ ቢኖር መሪያችንን በሥዕል አሳየው ነበር።

መፍትሔው ያን ያህል አይከብድም። ገንዳው ውሃ እንዲያቁር ወለሉን ዝቅ ማድረግ፣ መጨረሻው ላይ ደፍ ማቆም ነው። የኮንክሪት ጥርስ መደርደርም አለ፤ ድንጋይ የሚያንከባልል የእኛ ጎርፍ ግን ይሰባብረዋል። «ከሥሩ ዓለት ነው፣ ችግር የለም» ለሚለኝ ደግሞ ዛምቤዚ ወንዝ ላይ ያለውን የካሪባ ግድብ እጠቅስለታለሁ። እዚያ የወረደው ውሃ ከግድቡ በታች ዓለቱን ፈልፍሎ ወደ 80 ሜትር ቆፍሯል።